የሰው ኤሊ ተጎሳቁላ ስታዩ

ባለቤቱን በወቀሳ አትጀምሩት፤ በሩን ይዘጋባችኋል፣ ኤሊዋም እዚያው ትቀራለች። «ለጥቂት ቀን እኔ ልያዛት?» ማለት ይሻላል። ሳያስፈቅዱ መውሰድ ግን ስርቆት ነው።

የየብስ ኤሊ ዓይኗ ከጎደጎደና ቆዳዋ ከተሸበሸበ ውሃ አጥሯታል። ምግብ ለማቅረብ አትቸኩሉ፤ ሰውነቷ የቀዘቀዘና የደረቀ ኤሊ የበላችውን መፍጨት ያቅታታል። ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ውሃ በሳፋ አድርጉና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አቆዩዋት። ውሃው ከአገጯ በታች ይሁን፤ አቅም ያጣች ኤሊ ትሰጥማለች። ነጭ፣ ወፈር ያለ ነገር ብታወጣ አትደንግጡ፣ ከሽንቷ ጋር የሚወጣ ዩሬት የሚባል የሰውነት ቆሻሻ ነው። በጣት ሲያሹት እንደ አሸዋ ከሻከረ ግን ድርቀቱ ሰንብቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ የመኖሪያዋን መብራት እዩ። አብዛኛው ጥፋት የሚገኘው እዚህ ነው። አምፖሉ ስለበራ ብቻ አልትራቫዮሌት ቢ የተባለውን በዓይን የማይታይ ጨረር ይሰጣል ማለት አይደለም፤ ብርሃኑ ሳይቀንስ ጨረሩ ቀድሞ ይዳከማል። በመስኮት የሚገባ ፀሐይም አይተካውም፤ መስታወቱ ጨረሩን ያስቀረዋል። ጨረሩ ሲጠፋ ቫይታሚን ዲ፣ ቫይታሚን ዲ ሲጠፋ ካልሲየም ይጎድላል፤ ቅርፊቷም ይላላል። ያደገች ኤሊ ቅርፊቷ በአውራ ጣት ሲጫኑት ከረገበ በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። ቅርፊቱን ዘይት መቀባት አይጠቅማትም። ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ጤነኛ የምትመስል ኤሊም ሳልሞኔላ የተባለውን ሰው የሚያሳምም ባክቴሪያ ልትሸከም ትችላለች።