ዋይፋይ በአንቴና ወደ ጎረቤት ሲሻገር ሰው የሚሳሳታቸው ነገሮች

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነጭ ዱላ የመሰለ ነገር በብብታቸው ይዘው ደጄ መጡ። «ልጄ፣ ይቺን ጣሪያህ ላይ ብንሰቅላት ያንተ ዋይፋይ እኔ ቤት አይደርስም?» አሉኝ። ጋዜጣው ሲፈታ ዙሪያውን የሚረጭ አንቴና ነው። ከአዲስ አበባ አስልከውት ኖሯል፤ ዋጋውም ቀላል አልነበረም። «ጋሼ፣ ሳይገዙ በፊት ቢያማክሩኝ ምን ነበረበት» ልል ብዬ ተውኩት። በሁለታችን ቤት መሃል ሰማንያ ሜትር ቢኖር ነው፤ ግን እዚያ ሰማንያ ሜትር ውስጥ የባህር ዛፍ አጥር፣ ባለ ቆርቆሮ ማድቤትና ያላለቀ የብሎኬት ፎቅ አለ።

ደብረ ማርቆስ ላይ ይህን ሥራ ለዘመድና ለጎረቤት ስሠራ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የማየው ስህተት ተመሳሳይ ነው፤ ግማሹን ደግሞ ራሴ ሠርቼ ነው ያወቅሁት።

መንገዱን ሳያዩ ዕቃ መግዛት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይወለዳል። ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ሰው ጣሪያ ላይ ይወጣል። እኔ የማደርገው አንድ ልጅ ወዲያኛው ቤት ጣሪያ ላይ አቁሜ ነጭ ነጠላ እንዲያውለበልብ ማድረግ ነው። ነጠላው ካልታየኝ ዕቃ ስለመግዛት አላወራም፤ ቋሚው የሚተከልበትን ቦታ ነው የምቀይረው።

መተያየቱም ብቻውን አይበቃም። ሰው ሲግናሉ ከአንቴና አንቴና እንደ ክር ተወጥሮ የሚሄድ ይመስለዋል። እንዝርት ላይ የተጠቀለለ ድውር አይተዋል? ጫፍና ጫፉ ቀጭን፣ ሆዱ ወፍራም ነው። የሬዲዮ ሞገድም መንገዱን የሚይዘው እንደዚያ ነው። የቤታችን ዋይፋይ በብዛት የሚሠራባቸው ሁለት ሞገዶች 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ ይባላሉ። ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ 100 ሜትር ሲሻገር መሃል መንገድ ላይ ከቀጥታው መስመር በየአቅጣጫው 1.8 ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ በ5 ጊጋኸርዝ ወደ 1.2 ሜትር ይቀጥናል። ከዚህ ስፋት ቢያንስ ከመቶ ስድሳው ነፃ ካልሆነ ሲግናሉ ይደክማል። ስለዚህ «ከባህር ዛፉ ጫፍ በላይ በጣት በጣት ያሳያል» የሚለው መንገድ መንገድ አይደለም። ባህር ዛፍ ደግሞ አያርፍም። ዘንድሮ አንድ ሜትር ክፍተት ያለው አጥር በሁለተኛው ክረምት ፊትዎ ላይ ቆሞ ያገኙታል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ክረምት ሲገባ «ዝናቡ ኔትወርኩን አጠፋው» ይባላል። በዚህ ርቀትና በእነዚህ ሞገዶች ዝናቡ ራሱ የሚወስደው ከቁጥር አይገባም። ጥፋተኞቹ ውሃ ያዘለ ቅጠልና በደንብ ሳይታሸግ ውሃ የገባበት የኬብል ጫፍ ናቸው። ቅርንጫፉን ያስቆርጡ፤ ጫፉን ውሃ በማያስገባ ቴፕ ይጠቅልሉ።

በአንድ ወገን ብቻ መጮህ

እረኛ ማዶ ያለውን ጓደኛውን ሲጣራ ሁለት መዳፉን አፉ ላይ ያደርጋል። ጉልበት አልጨመረም፤ ያለውን ድምፅ ወደ አንድ ወገን ሰበሰበው እንጂ። አንቴናም ይኸው ነው፤ ኃይል አይፈጥርም፤ ያለውን ይሰበስባል። ማዶ ያለውም መዳፉን ጆሮው ላይ ሲያደርግ የበለጠ ይሰማል፤ አንቴናም ለአፍም ለጆሮም ያገለግላል።

ብዙ ሰው ግን ቤቱ ላይ ትልቅ አንቴና ይሰቅልና ጎረቤቱ በስልኩ እንዲይዘው ይጠብቃል። ስልኩ ላይ የዋይፋይ ምልክቱ ሞልቶ ይታያል፤ ገጽ ግን አይከፈትም። ስልኩ ይሰማል፤ እሱ ሲመልስ ግን ድምፁ ቀጭን ነው፤ ቆርቆሮና ግድግዳ ጥሶ አይመለስም። ኃይል ማጉያ ለሚገዙ ሰዎችም የምለው ይህንኑ ነው፤ ጩኸትዎን ያሳደገ ማጉያ የስልኩን ጩኸት አያሳድግም። ትክክለኛው አሠራር ሁለት አንቴና ነው፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ። ጎረቤት ቤት ውስጥ ደግሞ ለስልክና ለላፕቶፕ የሚያከፋፍል ትንሽ ራውተር ይቀመጣል።

ዙሪያውን የሚረጭ አንቴና ለአንድ ጎረቤት

የመምህሩ ነጭ ዱላ ችግሩ ይህ ነበር። ዙሪያውን የሚረጭ አንቴና ለአንድ ቤት የሚያስፈልገውን ለመላው ሰፈር ይበትነዋል፤ የሰፈሩንም ጫጫታ ሁሉ ይሰበስባል። ደግሞ ዙሪያውን የሚረጭ አንቴና አቅሙ ባደገ ቁጥር ቅርጹ እየጠፈጠፈ ይሄዳል፤ ትንሹ እንደ ድፎ ዳቦ ቢሆን ትልቁ እንደ እንጀራ ነው። ከፍ ካለ ጣሪያ ላይ ሰቅለውት ጎረቤትዎ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ እንጀራው በእሱ ቤት አናት አልፎ ይሄዳል።

አሮጌ የቴሌቪዥን ዲሽ ለዋይፋይ መጠቀም ይቻላል፤ አንድ ነገር ካልዘነጉ። ቤታችን ያለው ዲሽ አብዛኛው ሰሃኑ ቀጥ ብሎ ቢቆምም የሚያየው ከ20 ዲግሪ በላይ ወደ ሰማይ ነው። ጎረቤት እንዲያይ ከተፈለገ ሰሃኑ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው ወደ ፊት መጎንበስ አለበት። የጣሳ አንቴና ለሚሞክሩ ልጆች ደግሞ፦ ጣሳ ሁሉ አይሆንም። ለ2.4 ጊጋኸርዝ አፉ ከ7.5 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር የሆነ ያስፈልጋል፤ ውስጡ የሚቆመው ሽቦም 3.1 ሴንቲ ሜትር ነው። ትልቁ የወተት ዱቄት ጣሳ አይሆንም።

ሁለቱን አንቴናዎች አንዱን ቁመቱን፣ ሌላውን አግድም መስቀልም ሲግናሉን ክፉኛ ይቆርጣል። አንድ ዓይነት አቋቋም ይስጧቸው።

ረጅም የአንቴና ኬብል

ይህ ብልህ የሚመስል ስህተት ነው። ራውተሩ ሳሎን ይቀመጥ፣ አንቴናው ጣሪያ ላይ ይውጣ፣ መሃላቸውን በኬብል እናገናኝ ይባላል። አርጂ 58 የሚባለው ቀጭን ጥቁር ኬብል በ2.4 ጊጋኸርዝ በየሜትሩ አንድ ዴሲቤል (የሲግናል ብርታት የሚለካበት) ገደማ ይበላል። አሥር ሜትር ሲሆን አሥር ዴሲቤል ነው፤ ከላኩት አንድ አሥረኛው ብቻ አንቴናው ጋ ይደርሳል ማለት ነው። ባለ 10 ዴሲቤል አንቴና በአሥር ሜትር ኬብል የሰቀለ ሰው ትርፉ መሰላል መውጣትና መውረድ ነው። ከዲሽ የተረፈው ኬብልም ባለ 75 ኦም ነው፤ የዋይፋይ ዕቃ በ50 ኦም የተሠራ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን የሚያስቸግረው ጫፉን ለማጋጠም የሚደረገው ቅጥልጥል ነው።

መፍትሔው ሬዲዮውና አንቴናው አንድ ላይ የተሠሩበትን፣ ደጅ የሚሰቀለውን ዕቃ መግዛት ነው። ወደ ቤት የሚወርደው ተራው የኔትወርክ ኬብል ይሆናል፤ እሱ እስከ 100 ሜትር ድረስ ሲግናል ሳያጎድል ያደርሳል። ለደጅ የተሠራውን ይግዙ፤ የቤት ውስጡን ፀሐይ ልጣጩን ትሰነጣጥቀዋለች። ግድግዳ ጋ ሲደርስ ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ ተለምጦ ይግባ፤ ውሃው ከልምጡ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ተከትሎ ሶኬትዎ ውስጥ አይገባም።

ኤሌክትሪኩም የሚወጣው በዚያው ኬብል ነው። እዚህ ላይ አንድ ዕቃ አቃጥያለሁ። ብዙዎቹ እነዚህ አንቴናዎች የሚሠሩት በ24 ቮልት ነው፤ እኔ ቸኩዬ የሌላ ዕቃ 48 ቮልት መጋቢ ሰካሁበት። ሽታው ለሦስት ቀን ከክፍሉ አልወጣም። ሁለቱ መጋቢዎች በመልክ መንትያ ናቸው፤ ጀርባቸውን ያንብቡ።

እርጥብ የባህር ዛፍ ቋሚ

ደምበጫ አጎቴ ዘንድ ከሱቁ እስከ ቤቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚሆን መስመር ዘርግቼ ነበር። ባለ ፍርግርግ ትልቅ አንቴና ተጠቀምኩ፤ ጨረሩ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ስፋት ያለው። ቋሚውን አጎቴ ከጓሮው ቆርጦ አመጣልኝ፤ ቀጥ ያለ፣ ያማረ ባህር ዛፍ። ሰቀልኩት፣ አስተካከልኩት፣ ቡናዬን ጠጥቼ ሄድኩ። በሁለተኛው ወር «ያ ነገርህ ሞተ» ብሎ ደወለ። ሄጄ ባየው ዕቃው ደህና ነው፤ እንጨቱ ሲደርቅ ተጣሞ አንቴናውን ወደ ሌላ ሰው ማሳ አዙሮታል። ባህር ዛፍ እየደረቀ ይጠማዘዛል፤ ይህን አናጢ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ነኝ ያላወቅሁት። ዛሬ የብረት ቱቦ ነው የምተክለው፤ እንጨት ግድ ከሆነም ከርሞ የደረቀ።

አንቴናውን ሲያዞሩ ስልክ ላይ ያለውን ምልክት አይመኑ፤ የዕቃውን ገጽ ከፍተው የሲግናሉን ብርታት የሚያሳየውን ቁጥር ይዩ፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር የበረታ ነው። ከ-50 እስከ -65 ባለው ውስጥ ከሆነ ደስ ይበልዎ። -75 ላይ ሲደርስ መንገታገት ይጀምራል።

ሁለት ራውተር፣ ሁለት አዛዥ

አንቴናዎቹ ተያይዘው፣ ቁጥሩም አምሮ፣ ጎረቤት ቤት ኢንተርኔቱ «አለ፣ የለም» የሚል ከሆነ ጥፋቱ አየር ላይ አይደለም። ጎረቤት ቤት የተቀመጠው ራውተር ከፋብሪካ ሲወጣ እንደ እርስዎ ራውተር ሁሉ ለስልኮች አድራሻ ማደል ሥራው ነው። በዚያ ላይ ሁለቱም የራሳቸው አድራሻ 192.168.1.1 ሊሆን ይችላል። አንድ ቤት ሁለት አባወራ ማለት ነው። የጎረቤቱን ራውተር አድራሻ 192.168.1.2 ያድርጉት፤ አድራሻ ማደሉን፣ ዲኤችሲፒ የሚለውን፣ ያጥፉበት፤ ከአንቴናው የመጣውን ኬብል ዋን (WAN) ከሚለው ሳይሆን ላን (LAN) ከሚሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ይሰኩ። ግማሹ የ«አልሠራም» ጥሪ እዚህ ያልቃል።

ቻናልም፣ ራውተሩ ሞገዱ ውስጥ የሚይዘው መስመር፣ አለ። በ2.4 ጊጋኸርዝ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። «ሰው የሌለበት» ብለው 3ን የሚመርጡ ሰዎች ከሁለት ወገን ይጣላሉ። ሰፈሩ ከተጨናነቀ በ5 ጊጋኸርዝ ያገናኙ።

ፓስወርድ

አጭር ነው። ደብሊውኢፒ (WEP) የሚባለውን አሮጌ የዋይፋይ መቆለፊያ አይጠቀሙ፤ ደብሊውፒኤ 2 ወይም ከዚያ በላይ ይምረጡ፤ አንድ በተን በመጫን የሚያገናኘውን ደብሊውፒኤስ ያጥፉ። መስመሩ በስምዎ ነው፤ በእሱ የሚደረገው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስጠይቀው እርስዎን ነው። ለጎረቤት ማካፈል አንድ ነገር ነው፤ ብር እየተቀበሉ ለሰፈር ማደል ሌላ። ያለ ፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት መስጠት በ2004 ዓ.ም. በወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ፣ ቁጥር 761፣ ያስጠይቃል። ለማካፈልም ቢሆን ከአገልግሎት ሰጪው ጋር የፈረሙትን ውል አንድ ጊዜ ያንብቡት።

መብረቅና መብራት

ሐምሌ ላይ የጮቄ ተራራ ሲጠቁር የኛ ሰው ሬዲዮውን ይነቅላል። ጣሪያ ላይ ብረት ተክሎ አንቴናውን ግን አይነቅልም። ቋሚው በወፍራም የመዳብ ሽቦ ወደ መሬት መውረድ አለበት፤ ሽቦውም ከቤቱ ግራውንድ ጋር ይያያዝ። ኬብሉ ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ የመብረቅ መከላከያ ይግባበት። ይህም ሆኖ ቀጥታ የወረደ መብረቅን የሚያቆም ዕቃ የለም፤ ነጎድጓዱ ከመቅረቡ በፊት መንቀል ይሻላል።

«ይህን ሁሉ ከምንደክም ኬብል ብንዘረጋስ?» ያሉኝ አሉ። ሰማንያ ሜትር የኔትወርክ ኬብል ይደርሳል፤ ግን የሁለት ቤት ቆጣሪና ግራውንድ የተለያየ ነው፤ መዳብ ሲያገናኛቸው የአንዱ ቤት ጣጣ ወደ ሌላው ይሻገራል። አየሩ ይህን አያስተላልፍም።

የመምህሩ ሥራ በመጨረሻ እንዲህ አለቀ። ቋሚውን ከማድቤቱ ራቅ ወዳለው ማዕዘን አዛወርነው፤ ያላለቀውን ፎቅ በጎኑ አልፎ የሚያይ ቦታ ተገኘ። በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ ሁለት ትንንሽ አንቴናዎች ሰቀልን፤ ቁጥሩ -58 አለ። ነጩ ዱላ የእሳቸው የዶሮ ቤት መወርወሪያ ሆኗል። ሁሉ ካለቀ በኋላ «መብራት ሲጠፋስ?» አሉኝ። እውነትም አላሰብኩበትም ነበር። መስመሩ እንዲሠራ የኔ ራውተር፣ የኔ አንቴና፣ የሳቸው አንቴና፣ የሳቸው ራውተር አራቱም መብራት ይፈልጋሉ። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ራውተሮቹን ይይዛል፤ 24 ቮልት የሚፈልገው አንቴና ግን ከፍ የሚያደርግ መቀየሪያ ያስፈልገዋል። የኔን ወገን በባትሪ አደረግሁት። እሳቸው «ቆይ፣ ጡረታ ሲመጣ» ብለው አዘገዩት።

ቤታችን የተሳበው ከተለያየ ፌዝ ነው። እኔ ጋ እያለ እሳቸው ጋ ይጠፋል፣ እሳቸው ጋ እያለ እኔ ጋ ይጠፋል። አሁን መብራት በሄደ ቁጥር መጀመሪያ የሚደውሉልኝ እሳቸው ናቸው፦ «ልጄ፣ እናንተ አገር አለ?»