የጊታር ቁልፍ ለክራር፦ አገጣጠሙና ቅኝት እንዲይዝ የሚደረግበት መንገድ

ሁለቱን ቋሚዎች ከላይ በሚያገናኘው አግዳሚ እንጨት፣ በቀምበሩ ላይ፣ በተጠመጠመ ቆዳ ወይም ጨርቅ የሚቃኝ ክራር፣ ቅኝቱን የሚይዝለት የቆዳውና የእንጨቱ ሰበቃ ብቻ ነው። በአንድ ቅኝት ለሚጫወት ሰው ይህ ይበቃል። በአንድ መድረክ ላይ ከትዝታ ወደ አምባሰል፣ ከዚያም ወደ አንቺሆዬ ለሚሸጋገር ሰው ግን የጊታር ቁልፍ፣ ማለትም ክሩን በጥርስ እያዞረ የሚያጠብቀውና የሚያላላው መቃኛ፣ ብዙ ድካም ያቀልለታል። ችግሩ ቁልፍ የተገጠመላቸው ብዙ ክራሮችም ቅኝት አለመያዛቸው ነው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከቁልፉ አይደለም፤ ከእንጨቱ፣ ከቀዳዳውና ከክሩ አጠማጠም ነው።

ቁልፉን መምረጥ

በሙዚቃ መሣሪያ መደብሮች ስትጠይቁ ስድስቱም በአንድ መስመር የሚደረደሩትን ቁልፎች ምረጡ። ሦስቱ ለግራ፣ ሦስቱ ለቀኝ የተሠሩት ቀምበር ላይ ሲሰለፉ ግማሾቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ፤ በጨዋታ መሃል ለማጥበቅ ብላችሁ ታላላላችሁ። ጀርባው የተዘጋው ዓይነት ይሻላል፤ ቅባቱ ውስጡ ስለሚቆይ አቧራ ጥርሱን አይበላውም። የጥርሱ ምጣኔ ከ14 ለ1 እስከ 18 ለ1 ይሆናል። 18 ለ1 ማለት እጀታው 18 ጊዜ ሲዞር ክሩ የሚጠመጠምበት ዘንግ አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቅኝቱን በጥቂት በጥቂቱ ለማስተካከል ይመቻል። ከመግዛታችሁ በፊት እጀታውን ይዛችሁ ወደፊትና ወደኋላ ነቅነቅ አድርጉት። ዘንጉ ሳይንቀሳቀስ እጀታው ብዙ የሚወዛወዝ ከሆነ ተዉት።

ቀምበሩ

ነባሩን ቀምበር አትብሱ። ክብ እንጨት ላይ ቁልፉ ተደላድሎ አይቀመጥም፤ ጠርባችሁ ብታሳሱት ደግሞ ይደክማል። ከደረቀ ወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት አዲስ ጠፍጣፋ ቀምበር ሥሩ፤ አሮጌውንም አስቀምጡት፤ አንድ ቀን ልትመልሱት ትችላላችሁ። ቸርችል ጎዳና ላይ ለጌጥ ተብለው ከሚሸጡት ክራሮች አንዱን ከያዛችሁ በቅድሚያ ሁለቱን ቋሚዎችና መገጣጠሚያቸውን ፈትሹ። ስድስቱ ክሮች አንድ ላይ ወደ 21 ኪሎ ግራም ይስባሉ፤ ለግድግዳ የተሠራ ክራር ይህን ላይችል ይችላል። በገና ላይ ደግሞ ይህን ሥራ ባትሞክሩት ይሻላል። የበገና ጅማትና የቆዳ መቃኛ ከድምፁ ጋር አብረው የኖሩ ናቸው።

የአዲሱ ቀምበር ውፍረት ከ14 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከዚህ ከወፈረ ቁልፉን ለማሰር ከፊት የሚገባው ዳዶ ጥርሱ አይደርስለትም፤ ከሳሳ ዘንጉ ወደፊት ብዙ ወጥቶ ክሩ ያጎብጠዋል። ከላይ እስከ ታች ያለውን ቁመቱን 6 ሴንቲ ሜትር አድርጉት። ቀዳዳዎቹን በ35 ሚሊ ሜትር ርቀት አሰልፉ፤ 25 ቢሆንም ቁልፎቹ ይገባሉ፣ ጣት ግን አይገባም። ጀርባቸው የተዘጋ ቁልፎች በአብዛኛው 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይፈልጋሉ፤ ቢሆንም በካሊፐር ሳትለኩ አትብሱ። መጀመሪያ በ3፣ ቀጥሎ በ6፣ በመጨረሻ በ10 ፑንታ ብሱ። ከኋላ ቁራጭ ጣውላ በሞርሳ አጣብቁ፤ ያለዚያ ፑንታው ሲወጣ እንጨቱን ይገነጥለዋል። ቁልፉን ከኋላ ለምትይዘው ትንሿ ብሎንም በ1.5 ሚሊ ሜትር መንገድ አብጁላት፤ ወይራ ውስጥ እንዲሁ ብትገፏት አንገቷ ይቆረጣል። ዳዶውን በእጅ አጥብቁ፣ ከዚያ በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ።

ብዙ ሰው የሚዘልለው ሥራ አለ። በቀምበሩ የታች ጠርዝ፣ ከዘንጎቹ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ 5 በ5 ሚሊ ሜትር የሆነ የአጥንት ወይም የጠንካራ እንጨት መደገፊያ በኮላ ለጥፉ፤ ለእያንዳንዱ ክርም ከክሩ ትንሽ የሰፋ ቦይ አውጡለት። ይህ ከሌለ የክሩ ርዝመት የሚያልቀው የቁልፉ ዘንግ ላይ ስለሚሆን ጥምጥሙ በተንሸራተተ ቁጥር ድምፁ ይለወጣል። ቦዩን በመጻፊያ እርሳስ ቀቡት፤ ክሩ ተይዞ ቆይቶ በድንገት እንዳይለቅ ያደርገዋል።

ክሩና አጠማጠሙ

ቆዳው ላይ ክሮቹን ከሚደግፈው እንጨት፣ ከብርኩማው፣ እስከዚህ መደገፊያ 50 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክራር፣ የናይለን ክር ውፍረት በሚሊ ሜትር ይህን ይመስላል፦ ሶል 1.0፣ ላ 0.9፣ ሲ 0.8፣ ሬ 0.67፣ ሚ 0.6፣ ላይኛው ሶል 0.5። በዚህ አሰላለፍ እያንዳንዱ ክር በግምት 3.5 ኪሎ ግራም ይስባል፤ ውጥረቱ ስለሚቀራረብ እጅ አይደናገርም። 0.67 ካጣችሁ 0.7 ይሆናል። ቀጭኑን ክር በዚህ ርዝመት እስከ ላይኛው ዶ አትሳቡት፤ ናይለን ወደሚበጠስበት ደረጃ ትደርሳላችሁ፤ ክሩን ማቅጠንም አያድንም። የክሮቹን ቦታ ግን አስተማሪያችሁ እንዳስለመዳችሁ ተዉት።

የቁልፉ ዘንግ ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንድ ዙር ወደ 19 ሚሊ ሜትር ክር ይወስዳል፤ ስለዚህ ለሦስት ዙር 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ልቅ አድርጉ። ክሩን በቀዳዳው አሳልፋችሁ ጫፉን በራሱ ሥር አሾልኩትና ቀጣዩ ዙር እንዲጫነው አድርጉ፤ ናይለን ስለሚያዳልጥ ያለዚህ ቋጠሮ ይሸሻል። ጥምጥሙ ወደ እንጨቱ ዝቅ እያለ ይሂድ፣ አንዱ በሌላው ላይ አይውጣ። ስድስት ሰባት ዙር የሚጠመጥሙ አሉ፤ ድርብርቡ እየተጨመቀ ሲረጋ ክሩም አብሮ ይረግባል። አዲስ ናይለን ሁለት ሦስት ቀን እየተለጠጠ ይወርዳል። መሃሉን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉና እንደገና ቃኙ።

ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ቃኙ። ክሩ ከፍ ብሎ ከሆነ ከሚፈለገው በታች አውርዱትና ወደ ላይ ተመለሱ፤ በማላላት ብታቆሙ የጥርሶቹ ክፍተት ሳይሞላ ይቀርና በመጀመሪያው ምት ይወርዳል። ከትዝታ ሜጀር ወደ አምባሰል ስትሻገሩ ላ እና ሚ በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ፣ ሲ ወደ ዶ ይወጣል፣ ሶሎቹና ሬ አይነኩም። ለአንቺሆዬ ደግሞ ላ እና ሬ በግማሽ ይወርዳሉ፣ ሲ ወደ ዶ ይወጣል፣ ሚ ባለበት ይቆያል። ከኪቦርድ ጋር የምትጫወቱ ከሆነ የስልኩን መቃኛ እመኑ፤ ለብቻችሁ ከሆነ ግን መጨረሻውን በጆሮ አስተካክሉ።

ቅኝት ሲለቅ

አንድ ክር ብቻ ከወረደ ጥምጥሙን፣ ቋጠሮውንና የቁልፉን ብሎን እዩ። ስድስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄዱ ቁልፎቹን አትንኩ፤ ምክንያቱ ቀምበሩ ወይም የድምፅ ሳጥኑን የሸፈነው ቆዳ ነው። ቀምበሩን ለማወቅ ከቋሚው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ በእርሳስ አንድ መስመር አስምሩ። በማግስቱ መስመሩ ከተሰበረ ቀምበሩ ወደፊት እየዞረ ነው፤ በ6 ሚሊ ሜትር ብሎን፣ በሮንዴላና በዳዶ እሰሩት። መስመሩ ካልተንቀሳቀሰ ቆዳው ነው። በክረምት የአዲስ አበባ እርጥበት ቆዳውን ያረግበዋል፤ ብርኩማው ይሰምጣል፣ ስድስቱም ክሮች ይወርዳሉ። በበጋ ፀሐይ ወይም በመድረክ መብራት ሥር ደግሞ ይወጠርና ሁሉም ከፍ ይላሉ። ወደ እሳት አታስጠጉት፤ ቆዳው ከጠርዙ ይተረተራል። ክራሩን ከማኅደሩ አውጥታችሁ በምትጫወቱበት ክፍል ግማሽ ሰዓት ካቆያችሁት በኋላ ቃኙ።