አሰላለፍን፣ ዝውውርንና የተጫዋችን አቋም እንዴት እንመዝን? ለደጋፊ የሚሆን መመሪያ

በአዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤቶች የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ሊጀመር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ቋሚ አሰላለፉ በየሰው ስልክ ላይ ይደርስና የታዘዘው ማኪያቶ እንኳ ሳይቀርብ ክርክሩ ይሞቃል። አሰላለፉን ያደነቀው ሰው ቡድኑ ሲሸነፍ «እኔ ድሮም ተናግሬ ነበር» ይላል፤ የነቀፈው ደግሞ ቡድኑ ሲያሸንፍ ነቀፋውን ይረሳዋል። ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ቀድሞ ያሰብነውን በትክክል የምናስታውስ ጥቂቶች ነን። እኔም አርሰናልን በደገፍኩባቸው ዓመታት በዚሁ ምክንያት በብዙ ተጫዋቾች ላይ ያልተገባ ፍርድ ሰጥቻለሁ፤ ከዚህ በታች የማስረዳው አሠራርም ከዚያ ልማድ እንድወጣ የረዳኝ ነው። ምሳሌዎቼን በቅርብ ከማውቀው ከአርሰናል እወስዳለሁ፤ የሌላ ቡድን ደጋፊ በራሱ ቡድን ሊሞክረው ይችላል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሠራሩ የሚጠይቀው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ብቻ ነው። አሰላለፉ ይፋ ከመሆኑ በፊት በአንድ ገጽ ላይ የራስዎን 11 ተጫዋቾች ይጻፉ። አሰልጣኙ የመረጠው ቡድን ሲታወቅ ከእርስዎ ምርጫ የሚለይበትን አንድ ቦታ ያክብቡና ለምን እንደማይስማሙ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስፍሩ። ከዚያም ከሁሉ የሚበልጠውን ጥያቄ ይመልሱ፤ ይኸውም ጨዋታው ሲጀመር ሜዳው ላይ ምን ባይ ተሳስቻለሁ እላለሁ የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ምክንያትዎ ስለ እግር ኳሱ ይሁን ወይም ስለ ስሜትዎ ወዲያውኑ ያሳያል። «አልወደውም» ለሚል ምክንያት ሜዳ ላይ የሚገኝ መልስ የለውም፤ «ተጋጣሚው በቀኝ በኩል ፈጣን ተጫዋች ስላለው የግራ ተከላካያችን ወደ መሐል እየገባ ሲጫወት ከጀርባው ሰፊ ክፍት ቦታ ይተዋል» ለሚል ምክንያት ግን መልሱ በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ውስጥ ይገኛል።

የራስዎን 11 ከመጻፍዎ በፊት ማን መሰለፍ እንደሚችል ያረጋግጡ። ጉዳት ላይ ያለውን፣ ከረጅም ጉዞ የተመለሰውን፣ በሦስት ቀን ልዩነት የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ የሚጠብቀውን ሁሉ ማወቅ ያስፈልጋል። ካርድም አይረሳ፤ በፕሪሚየር ሊጉ አንድ ተጫዋች ቡድኑ 19 ጨዋታ ከማድረጉ በፊት አምስት ቢጫ ካርድ ካየ ለአንድ ጨዋታ ይታገዳል። የካርድ ቆጠራ የጸሐፊ ሥራ ነው ብሎ የሚንቅ ኢትዮጵያዊ ካለ 2013ን ያስታውስ። ዋልያዎቹ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ካሸነፉ በኋላ በሁለት ቢጫ ካርድ መታገድ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ በመገኘቱ ውጤቱ በፎርፌ ተቀየረና ሦስት ነጥብ አጣን። ቡድኑ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን ከሜዳው ውጪ አሸንፎ ምድቡን በአንደኝነት ባያጠናቅቅ ኖሮ ከናይጄሪያ ጋር የተደረገው የመጨረሻ የማጣሪያ ጨዋታም ባልኖረ ነበር። ያን ጊዜ የተሰማኝ ሐዘን ዛሬም አልወጣልኝም።

የተጫዋችን አቋም መመዘን

የደጋፊ ፍርድ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ጉዳዩን ዘርዘር አድርጌ አቀርበዋለሁ። ካይ ሃቨርትዝ በ2023 ክረምት ከቼልሲ በ65 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወደ አርሰናል ሲመጣ አሰልጣኙ ሚኬል አርቴታ በግራ በኩል የሚጫወት አማካይ አደረገው። በሊጉ የመጀመሪያ ጎሉን ያገባው በሴፕቴምበር መጨረሻ በርንማውዝን 4 ለ 0 ባሸነፍንበት ዕለት ነበር፤ እሱም የቡድን ጓደኞቹ እንዲመታው የሰጡት ፍጹም ቅጣት ምት ነው። በዚያ ወቅት ደብተሬ ላይ በተከታታይ ሳምንታት «ሃቨርትዝ ይውጣ» ብዬ ጽፌያለሁ። ምክንያቱን መልሼ ሳነብ ግን በየገጹ የማገኘው ወይ ዋጋውን ነው ወይ ጎል አለማግባቱን ነው። አማካይ ሆኖ የተሰጠውን ሥራ በአግባቡ መሥራት አለመሥራቱን የሚናገር አንድ መስመር እንኳ አልነበረም።

ይህን ካየሁ በኋላ በእያንዳንዱ ጨዋታ ለ15 ደቂቃ አንድ ተጫዋች ብቻ መመልከት ጀመርኩ። እርስዎም ሲሞክሩት ኳሷን ይተዉና ዓይንዎን ከሰውየው ላይ አይንቀሉ። ግብ ጠባቂው ኳስ ሲይዝ የት ይቆማል? ኳሷ ወደ እሱ ከመምጣቷ በፊት ዞር ብሎ ከኋላው ያለውን ሰው ያያል? ቡድኑ ኳስ ሲነጠቅ ወዲያውኑ ይመለሳል ወይስ እጁን ዘርግቶ ዳኛውን ይማጸናል? ጓደኛው ኳስ እንዲያገኝ ብሎ ተከላካይ ይዞ የሚሮጠው ሩጫ ስንት ጊዜ ነው? ለእያንዳንዱ በደብተሩ ላይ ሰረዝ ያድርጉ። የቴሌቪዥን ካሜራ ኳሷን ስለሚከተል ሰውየው ከምስሉ የሚወጣበት ጊዜ ይኖራል፤ ያን ጊዜ በግምት ከመሙላት መተው ይሻላል። በእኔ ደብተር ከሃቨርትዝ ስም አጠገብ በአንዱ ዕለት የተደረደሩት ሰረዞች በብዛት ወደ ተጋጣሚ ሳጥን በገባባቸውና በጭንቅላት ኳስ በተሻማባቸው ጊዜያት ላይ ያረፉ ነበሩ፤ ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ መሐል ሜዳ ላይ ኳስ በተቀበለባቸው ላይ ግን ጥቂት ነበሩ። ሰውየው ደካማ ሳይሆን ጥንካሬው ወደ ጎሉ ቀርቦ ሲጫወት የሚወጣ ተጫዋች መሆኑን የተረዳሁት ከእነዚያ ሰረዞች ነው።

አርቴታ በፌብሩዋሪ 2024 ሊቨርፑልን 3 ለ 1 ባሸነፍንበት ጨዋታ ሃቨርትዝን በፊት አጥቂነት አሰለፈው፤ ከዚያ በኋላም በአብዛኛው እዚያው አቆየው። እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ በሊጉ አራት ጎል ብቻ የነበረው ተጫዋች ከዚያ እስከ ውድድሩ ፍጻሜ ዘጠኝ አግብቶ 13 አደረሳቸው። ስለዚህ አንድ ተጫዋች «አቋሙ ወርዷል» ከማለትዎ በፊት የት ቦታ እንደተሰለፈ፣ ከማን አጠገብ እንደሚጫወትና የታዘዘው ሥራ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ያስቀምጡ።

ቁጥሮችን በተመለከተ አጭር ማሳሰቢያ ይበቃል። «ኤክስጂ» የሚባለው የሚጠበቅ ጎል ስሌት አንድ ሙከራ ጎል የመሆን ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ የሚገምት ነው፤ ፍጹም ቅጣት ምት ለምሳሌ ወደ 0.8 የሚጠጋ ዋጋ ይሰጠዋል። አጥቂ ጎል ሳያገባ ለአምስት ሳምንታት ቢቆይ፣ ነገር ግን ጥሩ ዕድሎች በየጨዋታው እየደረሱት ከሆነ፣ ይታገሡት። ዕድሎቹ ራሳቸው ከጠፉ ግን ጥያቄው ወደ እንቅስቃሴውና ወደሚያቀብሉት ሰዎች ይዞራል። ከአሥር ጨዋታ ባነሰ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ስለ አጨራረስ ብርቱ ፍርድ መስጠት አይገባም።

አንድ ሰው ሲጎድል ስንት ሰው ይጎድላል?

አሰላለፍ የአሥራ አንድ ስም ዝርዝር ብቻ ቢሆን ኖሮ በ2023 የደረሰብን ሐዘን ባልደረሰብን። የመሐል ተከላካያችን ዊሊያም ሳሊባ እስከዚያ ድረስ የነበሩትን 27 የሊግ ጨዋታዎች በሙሉ ጀምሮ ሳለ በማርች ወር ከስፖርቲንግ ጋር በተደረገው የአውሮፓ ሊግ ጨዋታ ተጎዳ፤ ሌላው ተከላካያችን ቶሚያሱም በዚያው ምሽት ተጎዳ። ቀጥሎ የመጡትን ሁለት ጨዋታዎች በተመሳሳይ ውጤት 4 ለ 1 ስላሸነፍን ብዙዎቻችን ክፍተቱ የተሸፈነ መስሎን ነበር። ከዚያ በሊቨርፑልና በዌስትሃም ሜዳ 2 ለ 0 ስንመራ ቆይተን አቻ ወጣን፤ ከሳውዝሃምፕተን ጋር 3 ለ 3 ተለያየን፤ በማንቸስተር ሲቲ 4 ለ 1 ተሸነፍን። በደረጃ ሠንጠረዡ አናት 248 ቀናት የቆየው ቡድን በ84 ነጥብ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ።

በዚያ ሰሞን የተተኪው ተከላካይ የሮብ ሆልዲንግ ስም በየዲኤስቲቪ ቤቱ ይነቀፍ ነበር። ፍርዱ ተገቢ አልነበረም ብዬ አምናለሁ። ሳሊባ ፈጣን ስለሆነ የተከላካይ መስመሩ ወደ መሐል ሜዳ ተጠግቶ ይቆማል፤ መስመሩ ሲጠጋ አማካዮቹ ተጋጣሚን በሜዳው ለማፈን ይደፍራሉ፤ ኳስም በቶሎ ትመለሳለች። እሱ ሲወጣ መስመሩ በጥቂት ሜትሮች ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በአማካዩና በተከላካዩ መካከልም ሰፊ ቦታ ይከፈታል። ስለዚህ ተተኪውን ሲመዝኑ «ከሳሊባ ያንሳል ወይ?» ከማለት ይልቅ «ለእሱ እንዲስማማ የቡድኑ አቋቋም ተስተካክሏል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ይህን ለማየትም ተጋጣሚ ኳስ ሲይዝ ሁለቱ የመሐል ተከላካዮች ከመሐል ሜዳው ክብ ምን ያህል እንደሚርቁ መመልከት ይበቃል።

ዝውውርን መመዘን

ደጋፊ የሚሰማው የዝውውር ዋጋ አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ይመስለዋል፤ በክለቡ የሒሳብ መዝገብ ላይ ግን ዋጋው በውሉ ዓመታት ተከፋፍሎ ይመዘገባል። ዴክላን ራይስ ከዌስትሃም በ100 ሚሊዮን ፓውንድና በተጨማሪ ክፍያዎች ሲመጣ፣ 100 ሚሊዮኑ በአምስት ዓመት ቢካፈል በየዓመቱ የሚመዘገበው 20 ሚሊዮን ነው። በአንጻሩ ከክለቡ አካዳሚ ያደገ ተጫዋች የግዢ ዋጋ ስለሌለው ሲሸጥ ገቢው በሙሉ እንደ ትርፍ ይያዛል። ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው የሊጉ ደንብ ክለቦች በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳይከስሩ ይከለክል ስለነበር እንደ ስሚዝ ሮውና ኤዲ ንኬትያ ያሉ የራሳችን ልጆች በ2024 ክረምት ለምን እንደተሸጡ ለመረዳት ይህ ስሌት ይረዳል። ልቤ ግን አሁንም ከስሌቱ ጋር አይስማማም።

ወሬ ሲሰሙ ክለቡ የጎደለው ምን እንደሆነ ከራስዎ ደብተር ይፈልጉ። ባለፉት አሥር ገጾች ያከበቡት ቦታ ደጋግሞ አንድ ከሆነ የሚያስፈልገው ተጫዋች እሱ ነው፤ በወሬ የተነሳው ስም ከዚያ ቦታ ጋር ካልተገናኘ የቱንም ያህል ታዋቂ ቢሆን ይለፉት። ጎሎቹንም ከሊጉ ጋር ያገናዝቡ። ቪክቶር ዮከሬሽ ለስፖርቲንግ በ2024/25 በፖርቱጋል ሊግ 39 ጎል አግብቶ ነው ወደ እኛ የመጣው፤ ስንቱ በፍጹም ቅጣት ምት፣ ስንቱስ ከተከላካይ ጀርባ ባለ ሰፊ ቦታ ላይ በመሮጥ እንደተገኘ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በሜዳችን በኤሚሬትስ ተጋጣሚዎቻችን ሳጥናቸው ውስጥ ተሰብስበው ስለሚከላከሉ ያ ሰፊ ቦታ እምብዛም አይገኝም።

ክለቡ ባለመግዛቱ ሲወቀስም ሚዛኑ ያው ነው፤ ውሳኔው በተወሰነበት ቀን ምን ይታወቅ ነበር? በጃንዋሪ 2025 ቡካዮ ሳካ ከዲሴምበር ጀምሮ በጉዳት ወጥቷል፤ ጋብሪኤል ጄሱስ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር በተደረገው የኤፍ ኤ ካፕ ጨዋታ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎድቷል፤ ንኬትያም ተሸጧል። የዝውውር መስኮቱ በፌብሩዋሪ 3 ሲዘጋ አጥቂ አልተገዛም። በዚያ ምሽት ደብተሬ ላይ የጻፍኩት «የቀረን ሃቨርትዝ ብቻ ነው፤ እሱ ቢጎዳ የሚተካው የለም» የሚል ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሃቨርትዝ በዱባይ ልምምድ ላይ የታፋ ጡንቻው ተጎድቶ ለወራት ወጣ።

በፌብሩዋሪ 15 አማካዩ ሚኬል ሜሪኖ ከተቀያሪ ወንበር ተነሥቶ በአጥቂነት ገባና ሌስተርን በሁለት ጎሉ አሸነፈልን። በዲኤስቲቪ ቤቱ «አጥቂ ለምን ያስፈልጋል!» ብሎ የጮኸውን ሰው አስታውሳለሁ፤ ደስታው ደስታዬ ስለነበር አልተከራከርኩትም። ቀጥሎ በሜዳችን በዌስትሃም 1 ለ 0 ተሸነፍን፤ ከኖቲንግሃም ፎረስትም ያለ ጎል ተለያየን። ሜሪኖ ያልለመደውን ሥራ በትጋት የሠራና በሪያል ማድሪድ ላይም ጎል ያስቆጠረ ሰው ስለሆነ በእሱ ስም ፊት የምስጋና ምልክት አድርጌያለሁ። በፌብሩዋሪ 3 ገጽ ላይ ክለቡን የወቀስኩበትን መስመር ግን አልሰረዝኩትም።