ወተቱን ተዉት፦ መርዝ ለጠጣ ሰው ስንደርስ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጎረቤታችን ቤት ነው። የሦስት ዓመቱ ልጅ ሃይላንድ ውስጥ የተቀመጠ ነጭ ጋዝ ውሃ መስሎት ጎንጨት አለ። አያቱ ወተት ይዘው ሮጡ። እናቱ ደንግጣ ጣቷን ጉሮሮው ውስጥ ከተተች። ልጁ አስመለሰ። ሳሉ የባሰበት ከዚያ በኋላ ነው።

ማስመለስ፦ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። የነጭ ጋዝ ዋናው ጉዳት ሆድ ሳይሆን ሳንባ ላይ ነው። ስናስመልሰው ወደ ሳንባ የሚገባበትን መንገድ እኛው እንከፍትለታለን። በረኪናም ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስ ይደግመዋል። "ያረክሰዋል" ብሎ ሎሚ የሚጨምርበትም አለ። በረኪናና ሎሚ ሲገናኙ የሚያፍን የክሎሪን ጋዝ ይወጣል!

ወተት፦ እናቶች ይቅር ይበሉኝና፣ ወተት የመርዝ ማርከሻ አይደለም። ሆድ ሲሞላ ትውከት ይመጣል። ራሱን ለሳተ ሰው ከሆነማ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል። የምድጃ ከሰል ፈጭቶ ማጠጣትም ያው ነው፤ ሐኪም ቤት ያለው የመድኃኒት ከሰል ሌላ ነው።

ልብሱን አለማውለቅ፦ ፀረ ተባይ ሲረጭ ውሎ የወደቀ ሰው ላብና ለሃጩ ይዝረበረባል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል። መርዙ በቆዳም ይገባል። እጃችሁ ላይ ፌስታል አጥልቁና ልብሱን አውልቁ፣ በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት። ሐኪም ቤት አትሮፒን የሚባለውን ማርከሻ እየደጋገሙ ይሰጡታል። ልቡ ሲፈጥን ቤተሰቡ "መድኃኒቱ በዛበት" ብሎ ይጨቃጨቃል። ሐኪሙ ግን የሚጠብቀው ደረቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እስኪደርቅ፣ ትንፋሹ እስኪጠራ ነው። ተዉት፣ ይሥራ።

"ደህና ነው፣ ተኝቶ ይነሳ" ማለት፦ ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው በመጀመሪያው ቀን ምንም ላይመስል ይችላል። ጉበቱ ግን እየተጎዳ ነው። ማርከሻው አሴቲልሲስቴይን ይባላል፤ ፓራሲታሞሉ ከተወሰደ በኋላ ባሉት 8 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው። ስለዚህ ምልክት አትጠብቁ፣ አሁኑኑ ይዛችሁት ሂዱ።

ዕቃውን መጣል፦ ያንን ልጅ ይዘን እንደደረስን የመጀመሪያው ጥያቄ "ምንድን ነው የጠጣው?" ነበር። አንዱ ጋዝ አለ፣ ሌላው ቀለም ማቅጠኛ። አጎቱ ሃይላንዱን ሊያመጣ በባጃጅ ተመለሰ። አያቱ ተናደው ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ወርውረውት ኖሯል።