ከኮምቦልቻ ሚሌ በሳይክል፦ ከጓደኛችሁ ጋር በረሃ ለመውረድ ካሰባችሁ

ጀመዓው፣ ደሴም ኮምቦልቻም ሳይክል የሚነዳ ልጅ በዝቷል ደስ ይላል፣ ግን አብዛኛው ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ይዞራል ቢበዛ ሐይቅ ከተማ ደርሶ ይመለሳል፣ የአፋር በረሃ ደግሞ እዚሁ አጠገባችን ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ሚሌ የሚወርደው አስፋልት 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ሚሌ 500 ገደማ ላይ፣ ስለዚህ በሁለት ቀን ከወይና ደጋ ለየለት ቆላ ትገባላችሁ፣ ሰውነት ግን ሙቀት ለመልመድ ሳምንት እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው፣ እግር አይደለም የሚያስቸግረው።

ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር ይሁን። ግንቦት ሰኔ ሐምሌ ታች ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ጎበዝ ነኝ ብላችሁ አትሂዱ። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ በዚያ መስመር በየቀኑ የሚመላለሱ ሹፌሮችን መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ አይሆንም ካሏችሁ በቃ ሌላ ጊዜ ነው። መታወቂያ በእጅ ይያዝ፣ ኬላ አለ።

አሁን ስለ ጓደኛ። ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ነገር ይሄ ነው፣ ሳትነሱ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ፍጥነቱን የሚወስነው ቀርፋፋው ነው፣ እሱ ፊት ይሂድ ጠንካራው ከኋላ ይሁን፣ ምክንያቱም ከኋላ ያለው ነው የፊተኛውን ማየት የሚችለው። እንቁም ያለ ሰው ለምን አይባልም፣ ይቆማል። ተለያይቶ መንዳት የለም፣ "አንተ ቅደም እደርሳለሁ" የሚባል ነገር በረሃ ላይ አይሰራም። አንዳችሁ የሌላውን ፊት እያያችሁ ሂዱ፦ ራሱን ካመመው፣ ካጥወለወለው፣ ካዞረው ወዲያው ጥላ ፈልጉ፣ ልብሱን ላላ አድርጉለት፣ ውሃ አጠጡት። ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይ ቆዳው እንደ እሳት ግሎ ራሱን መሳት ከጀመረ ግን የሚያልፍ ድካም አይደለም፣ ሰውነቱ ላይ ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት፣ ያገኛችሁትን መኪና አስቁማችሁ ሐኪም ቤት አድርሱት። ራሱን ስቶ ከሆነ በአፉ ምንም አትስጡት። ብቻውን የሆነ ሰው ይሄን ለራሱ ማድረግ አይችልም፣ ለዚህ ነው ሁለት ሆናችሁ ሂዱ የምለው።

ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ከ8 እስከ 10 ሊትር አስቡ። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፣ ስለዚህ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ግራና ቀኝ እኩል አድርጋችሁ የኋላ መጫኛው ላይ ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ከፍ ካለ ሳይክሉ ይወዛወዛል፣ አንድ ሁለት ሃይላንድ ደግሞ እጅ የሚደርስበት ቦታ። ውሃውን ሁሉ አንዱ ላይ አትጫኑ፣ እሱ ቢወድቅ ሁለታችሁም ትጠማላችሁ። ጠማኝ እስክትሉ አትጠብቁ፣ ግን ባዶ ውሃ ብቻ መጋትም አደጋ ነው ጨው ከሰውነት ያልቃል፣ ኦአርኤስ ከፋርማሲ ያዙ፣ ካጣችሁ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙ፣ ልኩን አትለፉ። ምግብ አብሽሩ፣ በሶ አለ። በሶና ቴምርና ቆሎ ይዞ የተራበ የለም፣ በዚያ ላይ በሙቀት አይበላሽም።

ሰዓት፦ ጎህ ሲቀድ 12 ሰዓት ላይ ተነሱና እስከ 4 ንዱ፣ ከዚያ እስከ 10 ሰዓት ጥላ ውስጥ ተኙ፣ ከ10 እስከ 12 እንደገና። ሌሊት አይነዳም፣ ከባድ መኪና አለ፣ ግመል መንገድ ላይ አለ። ግመል ስታዩ ከኋላ ደወል አትደውሉ ይደነግጣል፣ ወርዳችሁ እየገፋችሁ እለፉ።

ከደሴ የምትነሱ ልጆች ፍሬናችሁን አሳዩ፣ የኮምቦልቻው ቁልቁለት ጭነት ይዞ ሌላ ነገር ነው። ፍሬን ያለማቋረጥ ከያዛችሁ ቸርኬው ይግልና ጎማ ያፈነዳል፣ ያዝ ለቀቅ አድርጉ፣ ቆም ብላችሁ አቀዝቅዙ። ከባቲ በታች ደግሞ ጠላታችሁ እሾህ ነው፣ ግራርም ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ መጤ ዛፍም ጎማ ይበሳል፣ ስለዚህ ከአስፋልት ስትወጡ ሳይክሉን ተሸከሙት እንጂ አትግፉት። ትርፍ የውስጥ ጎማ ለእያንዳንዱ ሁለት፣ መለጠፊያ፣ መንፊያ፣ የሰንሰለት ዘይት። የመኪና ጎሚስታ ይገኛል ግን የሳይክል ጎማ እዚያ አትጠብቁ።

የመጀመሪያው ቀን ባቲ እደሩ፣ 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ወጣ ገባ አለው። እሁድ ከገባችሁ ሰኞ ገበያውን ታያላችሁ፣ አፋሩ ኦሮሞው አማራው አንድ ላይ የሚገበያይበት፣ በእውነት ማየት ያለበት ነው። አጎበር ያዙ፣ ወባ አለ። ከባቲ በኋላ በአንድ ቀን ሚሌ ካልደረሳችሁ ሰፈር ያለበት ቦታ ሽማግሌ አስፈቅዳችሁ እደሩ፣ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ግን በፍጹም ድንኳን አትትከሉ፣ እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ወሎ ደጋው ላይ ከዘነበ ጎርፉ ሌሊት ይመጣል።

አፋር መንገደኛ ሲያገኝ ዝም ብሎ አያልፍም፣ ዳጉ አላቸው፣ ከየት መጣህ ምን አየህ ምን ሰማህ ተባብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ከሳይክሉ ውረዱ፣ ሰላም በሉ፣ ያያችሁትን ንገሩ፣ ከዚያ ውሃ የት እንዳለ ጠይቁ፣ ከካርታው የበለጠ እነሱ ያውቃሉ። ጉድጓዱ የከብቶቻቸው ነው ሳታስፈቅዱ አትቅዱ፣ የቀዳችሁትን አፍሉት ወይ ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያውን) ጨምሩበት። ፎቶም ሳትጠይቁ አይነሳም።

ድንቅነሽ በ1974 እ.ኤ.አ. የተገኘችባት ሐዳር ከዚሁ መንገድ በስተደቡብ ናት፣ ልብ ይሰቅላል አውቃለሁ፣ ግን ያለ አካባቢው መሪ በሳይክል አትግቡ።

ለመመለሻ ከ1,300 ሜትር በላይ ዳገት በዚያ ሙቀት አትታገሉ። ሚሌ ላይ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣ አይሱዙ ፈልጉ፣ ሳይክሉ ሳይጫን ዋጋ ጨርሱ፣ ሰንሰለቱ ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስተኙት፣ ከስሩ ካርቶን አንጥፉለት፣ ፔዳሉን ፈታችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ።