ቋንጣ በፍራፍሬ፦ ምድጃ ሳይለኮስ የሚቀርብ የድግስ መክሰስ

ግንቦት ላይ ኮምቦልቻ ድግስ ያለበት ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። ቆርቆሮው ይጋረፋል። ጓዳ ውስጥ ሦስት የከሰል ምድጃ ተደርድሮ እናቶች ላብ በላብ ሆነው ወጥ ያማስላሉ፣ እንግዳው ደግሞ ገና ሳይቀመጥ የሚያምረው ቀዝቀዝ ያለ ነገር ነው። ወጡ እስኪደርስ ቆሎና ለስላሳ ይዞ መጠበቅ ለምዶብናል። እኔ ግን ቤተሰብ በተሰበሰበ ቁጥር የማቀርበው ሌላ ነገር አለ። እሳት አይፈልግም። ቋንጣው አስቀድሞ ካለ ሥራው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፣ ሳህኑም ባዶውን ነው የሚመለሰው።

መነሻው የጣሊያኖች ነው። በሙቀት ጊዜ ጣፋጭ ሜሎን ይቆርጡና ፕሮሹቶ የሚባል በጨው የደረቀ ሥጋ ስስ አድርገው ይጠቀልሉበታል። ፕሮሹቶ የአሳማ ታፋ ስለሆነ እኛ ቤት አይገባም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይነካውም። ግን እነሱው ብሬዛኦላ የሚሉት የበሬ ሥጋም አላቸው፤ በጨው ታሽቶ አየር ላይ ይደርቃል። ታዲያ ይሄ የቋንጣ ዘመድ አይደል? እነሱ ሙሉውን ሥጋ ያደርቃሉ፣ እኛ ዘልዝለን እንሰቅላለን። እኛ ግን ቋንጣን ለፍርፍር ብቻ አስቀርተነዋል፣ ያሳዝነኛል። ጨው የፍሬን ጣፋጭነት ያጎላዋል። አንዴ የበሰለ ፓፓያ ከቋንጣ ጋር ከቀመሳችሁ ለብቻው ይጎድልባችኋል።

ዋናው ሥራ ቋንጣው ላይ ነው። ቤት የምታደርቁ ከሆነ ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ ምረጡ፤ ስቡ ቆይቶ ይሸታል። ሥጋው ቄራ የታረደና ማኅተም ያለበት ይሁን፣ እዚህ ላይ አትደራደሩ። ለ1 ኪሎ ሥጋ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ሚጥሚጣ፣ ከወደዳችሁ ትንሽ ኮረሪማ። ስስ አድርጋችሁ ዘልዝሉት፣ በደንብ እሹት፣ ነፋስ የሚገባበት ጥላ ቦታ ስቀሉት፣ ዝንብ እንዳያርፍበት በስስ ሻሽ ጋርዱት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ብርዱና ጭጋጉ አይለያትም። ስለዚህ ታች በሳምንት የሚደርቀው ላይ ቤት ብዙ ቀን ይጨምራል። እኔ የምኖረው ደሴ ነው፣ ቋንጣዬን ግን ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት ነው የምሰቅለው። መድረሱን ለማወቅ አጥፋችሁ ሞክሩት። ስንጥቅ ማለት አለበት፤ እንደ ጎማ ከተለጠጠ መሃሉ እርጥብ ነውና መልሳችሁ ስቀሉት። 3 ኪሎ ጥሬ ሥጋ ሲደርቅ ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል። ለ20 ሰው 400 ግራም ደረቅ ቋንጣ ይበቃል።

አሁን አቆራረጡ። የድግሱ ዋዜማ ማታ ቋንጣውን ንጹሕና እርጥበት ባለው ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፣ አለዚያ ቢላ ሲነካው ይፈረፈራል። ጠዋት ቢላውን ሳሉ። የሥጋው ክር ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ክሩን ተከትላችሁ ከቆረጣችሁ እንግዳው ሲያላምጥ ይውላል። ክሩን አቋርጡት፣ ቢላውን ጋደም አድርጉት፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ አሳሱት። እኔ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ሁልጊዜ መስኮት ላይ አንሥቼ አያታለሁ፤ መሃሏ ጠቆር ያለ ቀይ ሆኖ ዳሯ ላይ ሚጥሚጣው እንደ ክር ተስሎ ከታየኝ ቢላዬ ልክ ነው፣ ካልታየኝ እንደገና እስላለሁ።

ለጀማሪ ፓፓያ ይሻላል። ገና ጠንከር ያለ፣ ሲጫኑት ትንሽ ብቻ ለስለስ የሚል ይሁን፤ የላመ ፓፓያ ስቴኪኒ ላይ አይቆምም። ሳትልጡት በፊት ልጣጩን እጠቡት፣ ቢላው የልጣጩን ቆሻሻ ይዞ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። በአንድ ጉርሻ ልክ ቆርጣችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ሲቀርብ ሎሚ ጨመቅ፣ ቋንጣውን ጠቅለል፣ ስቴኪኒ ሰካ፣ በቃ።

መሰካቱ ግን መጨረሻ ላይ ይሁን። አደራ። ለእህቴ ምርቃት ጠዋት ደሴ ላይ ሁሉንም ሰካክቼ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ደርድሬ፣ በሀረጎ ጠመዝማዛ ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ ክዳኑን ከፈትኩት፤ ፓፓያው ውኃውን ለቋል፣ ቋንጣው ያንን ጠጥቶ አብጧል፣ ሚጥሚጣው ታጥቦ ሥር ላይ ቀይ ውኃ ሆኖ ተጠራቅሟል። የዚያን ቀን ልቤ ተሰበረ። ጨው ከፍሬ ውኃ ይስባል፣ ፓፓያና አናናስ ደግሞ ሥጋ የሚያላላ ኢንዛይም አላቸው፣ ሁለቱ ሲገናኙ ቋንጣው ቋንጣ መሆኑ ይቀራል። አሁን ፍሬውን ለብቻ፣ ቋንጣውን ለብቻ ይዤ እወርዳለሁ፣ እንግዳ በር ላይ ሲታይ ነው መሰካት የምጀምረው። ሁለት ሰው ካገዘ 70 ፍሬ በሩብ ሰዓት ያልቃል።

ማንጎም ግሩም ነው። ከመርሳ በኩል የሚመጣው ሲደርስ ጠንከር ያለውን ገዝታችሁ ከቋንጣው ጋር አንድ ቀጭን የቃርያ ክብ ጨምሩበት። ሐብሐብ በጣም ውኃማ ስለሆነ ቋንጣውን አትጠቅልሉበት፣ ላዩ ላይ አሳርፉት፤ ጥፍጥፍ ያለ አይብና አንድ ቅጠል እርጥብ በሶብላ ቢታከልበት ሽታው ብቻ ያጠግባል። ዘይቱን ይሆናል። ሙዝ ተዉት፣ ይጠቁራል።

ተምርን ግን አትርሱ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ሰንጥቃችሁ የውስጡን ዘር አውጡ፣ በቦታው ትንሽ አይብና አንድ ቁራጭ ቋንጣ አስገቡ፣ ጨምቃችሁ ግጠሙት። ውኃ ስለማይለቅ መንገድ ይችላል፤ ከደሴ ሠርታችሁ ብትወርዱም ምንም አይሆንም።

አንድ ነገር ለወሎ ሰው መንገር ባያስፈልግም ከሌላ አገር ለመጣ ይጠቅማል። እኛ ቤት እናቴ ክርስቲያን ናት፣ ወንድሟ ሙስሊም ናቸው፣ ድግሱ አንድ ነው፣ ሥጋው ግን የየራሱ ነው። ስለዚህ ቋንጣ ከሁለቱም ወገን እይዛለሁ፤ ሁለት ቢላ፣ ሁለት መክተፊያ፣ ሁለት ትሪ፣ ለየብቻ ጠረጴዛ። አጎቴ ሲገቡ «አጎቴ፣ የእርስዎ ይኼኛው ነው፣ ሐላል ነው» እላቸዋለሁ። «አብሽሪ ልጄ» ብለው ይቀመጣሉ። ሰው እየተጠራጠረ እጁን ሲሰበስብ ማየት አልወድም፣ ሳይጠይቁ መንገር ይሻላል። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው፤ ትሪ ስደረድር ሁልጊዜ ያ ስም ትዝ ይለኛል። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ፣ ወይም የሰኔ ጾም ከገባ፣ ሥጋም አይብም ያልነካው ሦስተኛ ትሪ ይኑር፦ ማንጎ በሎሚና በቁንጥር ሚጥሚጣ፣ አቮካዶ በሎሚና በጨው። ለእሱም የራሱ ቢላ።

ቋንጣ ጥሬ ሥጋ መሆኑን አትዘንጉ። ማድረቅ የኮሶ ትልን ለመግደል ዋስትና አይሆንም። ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች የጾሙን ትሪ አቅርቡላቸው፣ ወይም የእነሱን ቋንጣ ቀድማችሁ በደንብ ጥበሱት።

በረዶ ካገኛችሁ ሰፊ ዝርግ ዕቃ ላይ በትናችሁ ትሪውን ላዩ ላይ አስቀምጡት። ሁሉንም በአንዴ አታውጡ፤ ግማሹን አቅርባችሁ ሲያልቅ ሌላውን አምጡ። የተቆረጠ ፍሬ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ አንድ ሰዓት ይቻለው ይሆናል፣ ደሴ ላይ ሁለት፣ ከዚያ ያለፈውን ጣሉት። ፍሬ ያልነካው ቋንጣ ግን ይቀመጣል። በወረቀት ጠቅልላችሁ ሰብስቡት፣ ለነገ ጠዋት ፍርፍር ይሆናል።