ፕሮሰሰር ሲግል፦ ባሕር ዳር ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ፋኑ በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያሳልፈው አየር በክብደት በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። የሚያዝያ ሙቀት ሲታከልበት ትንሿ ጥፋት ሁሉ ቶሎ ትታያለች።

ፋን መቀየር፣ ዋቱን ግን አለመንካት። በብዛት የምናየው ይሄ ነው። ሙቀቱ የሚመጣው ፕሮሰሰሩ ከሚስበው ኃይል ነው፤ የኃይሉ መጠን ደግሞ በቮልቴጁ ስኩዌር ልክ ይጨምራል። ቱርቦ (ፕሮሰሰሩ ለጊዜው ከመነሻ ፍጥነቱ በላይ የሚሄድበት ሁኔታ) ላይ ለምትገኘው ጥቂት ተጨማሪ ፍጥነት ቮልቴጁ ከፍ ስለሚል ዋቱ ያለ ልክ ይወጣል። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ከዚያ አድቫንስድ ሴቲንግስ ይግቡ። ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንት ስር ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለውን ከ100 ወደ 99 በመቶ ያውርዱት። አብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ቱርቦው ይጠፋል። ለወርድና ለኤክሴል ልዩነቱ አይታወቅም፤ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ግን ሥራው ይዘገያል። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ይህን ምርጫ ይደብቁታል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት ጣሪያ አድርጎ መውሰድ። የኢንቴሉ ኮር አይ5-12400 ፕሮሰሰር 65 ዋት ይባላል፤ ቱርቦ ላይ ግን 117 ይደርሳል። አይ9-14900ኬ ከ125 ተነስቶ 253 ዋት ይስባል። ማቀዝቀዣም ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጠው) ሲመርጡ ትልቁን ቁጥር ይያዙ። ዩፒኤስ ላይ የተጻፈው ቪኤ ዋት እንዳልሆነም ይወቁ፤ 650 ቪኤ የሚባለው ብዙ ጊዜ የሚችለው ከ360 እስከ 390 ዋት ነው።

በደረቀ ቴርማል ፔስት ላይ አዲስ መደረብ። ፔስቱ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለችውን ስንጥቅ ለመሙላት ብቻ ነው፤ ሲወፍር ሙቀት ያግዳል። አሮጌውን በአልኮል ይጥረጉ። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል ይሠራል፤ ውሃ ስላለበት ግን ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ለዴስክቶፕ የአተር ፍሬ የምታክል በቂ ናት። ብሎኖቹን በሰያፍ እያፈራረቁ ያጥብቁ፤ አንዱን ጥግ ቀድመው ከጨረሱት ሂት ሲንኩ (ሙቀቱን የሚያወጣው ባለ ክንፍ ብረት) ያጋድላል። አዲስ ማቀዝቀዣ ከሆነ ከሥሩ ያለውን ላስቲክ መላጥ አይርሱ። እየተረሳ ነው የምንለው።

ላፕቶፕ ሳይፈቱ በብሎወር መንፋት። አቧራው የሚጠቀጠቀው በፋኑና በሂት ሲንኩ ክንፎች መካከል ነው። ሐይቁ ዳር ባሉ ቤቶች ማታ መብራት ተከትለው የሚገቡ ትንኞችም እዚያው ይጣበቃሉ። ከውጭ ሲነፉት ወደ ውስጥ ይመለሳል እንጂ አይወጣም። ፋኑን ፈተው የተጠቀጠቀውን አቧራ በብሩሽ ያንሱት። ሲነፉም ፋኑን በጣት ይያዙ፤ በነፋሱ ኃይል ከተሽከረከረ ኩሽኔታው ይጎዳል።

የኬዙን ጎን ከፍቶ መተው። አቧራ ይጋብዛል፣ የአየሩን መስመርም ያበላሻል። ላፕቶፕ አልጋ ላይ ማስቀመጥም ያው ነው።

ለውጡን ለማየት ኤችደብሊውኢንፎ (HWiNFO) የተባለውን ሙቀትና ፍጥነት የሚያሳይ ፕሮግራም ከፍተው ማሽኑን 10 ደቂቃ ሥራ ያስይዙት። በሙሉ ጭነት 85 ዲግሪ አያሳስብም። 95 እስከ 100 ላይ ቆሞ ፍጥነቱ ከመነሻው በታች ከወረደ ግን ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን እየቀነሰ ነው።